የተማሪዎች መጽሔት ዕቅድ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፦ የመጀመሪያው እትም ምን ይሁን? (ተናጋሪዎቹ የተጠሩት በትምህርት ክፍላቸው ወይም በሥራ ድርሻቸው ነው።)

ታሪክ፦ ዓላማውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ታሪክ፣ ፎክሎር፣ ጂኦግራፊና ሶሲዮሎጂ በአንድ ጉዳይ ላይ አብረው ይጽፋሉ። ለመጀመሪያው እትም ጣና ዳር ያለውን የገዳማት ስፍራ፣ ዘጌን አቀርባለሁ። በገዳማቱ ሕግ በሬ ስለማይጠመድ ደኑ ከነቡናው ቆይቷል። ይህን አንድ ትምህርት ክፍል ብቻውን አይጨርሰውም። ሁለት ሁለት ሆነን እንጻፍ። ገምጋሚው ከሌላ ክፍል ይሁን፤ የጸሐፊውን ስም አይይ።

ገንዘብ ያዥ፦ መዋጮ ያልከፈላችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ማተሚያ ቤቱ ቀብድ ይፈልጋል። ውስጡ ጥቁርና ነጭ፣ ሽፋኑ ባለቀለም።

ሥነ ጽሑፍ፦ ለሽፋኑ የክብራን ገብርኤል፣ የጣናው ደሴት ገዳም፣ ፎቶ አለኝ።

ፎክሎር፦ ክብራን ሴት አትገባም! ከከፈልነው ውስጥ ብዙዎቻችን ሴቶች ነን። እግሬ የማይረግጠውን ቦታ በራሴ መጽሔት ሽፋን ላይ አልፈልግም።

ሥነ ጽሑፍ፦ ፎቶ ነው እኮ። የገዳሙን ሥርዓት ያወጣሁት እኔ ነኝ እንዴ?

ፎክሎር፦ ሥርዓቱን ማን ነካ? ያልኩት ስለ ሽፋኑ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት እዚያው ዘጌ ነው። እኛም እንገባለን፤ የመቅደሱ ግድግዳ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው።

ጂኦግራፊ፦ የግድ ቤተ ክርስቲያን መሆን አለበት? እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጣና የእኔም ነው። ታንኳ ይሁን።

ሥነ ጽሑፍ፦ ታንኳማ ፖስትካርዱ ሁሉ ላይ አለ። እንደዚህ ከሆነ ስሜን ሰርዙ፣ ብሬን መልሱ።

ታሪክ፦ እስካሁን አንድም ጽሑፍ አልገባም፤ እናንተ በሽፋን ትጣላላችሁ!

ሶሲዮሎጂ፦ ታንኳ ካላችሁ፣ ከሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገል አጭደው የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። አያቶቻቸው ጉማሬ ያድኑ ነበር ተብሎ ስንት ዘመን ማዕድ የሚጋራቸው ጠፋ። የእጃቸውን ሥራ ሽፋን ላይ ለጥፈን ውስጥ አንድ ገጽ ከነፈግናቸው እኔ የለሁበትም።

ፎክሎር፦ ይሄ ልክ ነው። ቃለ መጠይቁን እኔ እሠራለሁ።

ጂኦግራፊ፦ እኔም እገባለሁ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ደንገሉ ግን በእርሻና በእምቦጭ አረም መሃል እየተገፋ ነው። ደንገል ከሌለ ታንኳ የለም።

ታሪክ፦ ዘጌስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ገጽ አቀናብራለሁ ያልከው የፖሊ ግቢ ልጅ፣ የት ገባህ? ስልክ አታነሳም።

ሥነ ጽሑፍ፦ እሺ፣ ብሬ ይቆይ። የክብራን ፎቶ ግን ውስጥ ገጽ ይግባ።

ፎክሎር፦ ውስጥ ይግባ፤ አልቃወምም።

ገንዘብ ያዥ፦ ማተሚያ ቤቱ ዋጋ ጨምሯል። ባለን ገንዘብ ባለቀለም ሽፋን አይወጣም። ፎቶዎቹን በትልቁ አሳትመን ፔዳ ግቢ ኤግዚቢሽን እናዘጋጅ። ከመግቢያ የምናገኘው ለመጽሔቱ ይሁን።

ሶሲዮሎጂ፦ ታንኳ ሠሪዎቹ ራሳቸው መጥተው እዚያው ይሥሩ። ሲሠሩ ለዋሉበት ግን ይከፈላቸው።

ጂኦግራፊ፦ ጥሩ ነው። ደንገሉን ማን ያጓጉዛል?

ታሪክ፦ ለትምህርት ክፍሎቹ የሚገባው ረቂቅ ላይ መጽሔቱ አንደኛ ተራ ላይ ይቀመጥ። ኤግዚቢሽን ለአንድ ሰሞን ነው። ጽሑፍ ሲታተም ከኛ በኋላ የሚመጡት ያነቡታል፣ ይሞግቱታል። ሦስት ገምጋሚ እፈልጋለሁ። ማን አለ?

ፎክሎር፦ እኔ ቅዳሜ ለቃለ መጠይቁ ሐይቁ ዳር ነኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለፎቶዎቹ መስቀያ እንጨት የሚያውቅ አናጢ አለ?

ጂኦግራፊ፦ ዓባይ ማዶ አንድ አውቃለሁ። ነገ እጠይቀዋለሁ።

ታሪክ፦ ገምጋሚ ነው የጠየቅኩት።