ኦርጋኒክ ምግብ በንጥረ ነገር ይበልጣል ወይስ አይበልጥም? አንዱ ጥናት «ልዩነት የለም»፣ ሌላው «እስከ 69 ከመቶ» ይላል

ጠያቂው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኦርጋኒክ ምግብ (ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ስለሚመረተው) ሳነብ እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር ገጠመኝ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ ኦርጋኒኩና በተለመደው መንገድ የተመረተው በንጥረ ነገር ይዘት ይህን ያህል አይለያዩም ይላል። በ2014 ደግሞ ከዚያው አገር የወጣ ሌላ ጥናት የኦርጋኒኩ አንቲኦክሲደንት (ሴሎችን ከጉዳት ይከላከላሉ የሚባሉ ውህዶች) ከ18 እስከ 69 ከመቶ ይበልጣል ይላል። ሁለቱም የቀድሞ ጥናቶችን ሰብስበው የመዘኑ ናቸው። ታዲያ ማንን ልመን?

ሁለተኛ፣ ሁሉንም ኦርጋኒክ ማድረግ ለማይችል ሰው የቱ ይቅደም? ወተት፣ ፍራፍሬ ወይስ ቅጠላ ቅጠል? ሦስተኛ፣ ፀረ ተባይ በእጥበት ይለቃል? «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጥሩ ነው» የሚል መልስ አልፈልግም፤ ቁጥርና ምክንያት ያለው ሰው ይርዳኝ።

ሚዛን፦

ሁለቱን ማመን ትችላለህ። የለኩት አንድ ዓይነት ነገር ስላልሆነ ነው የተጣሉ የሚመስሉት።

የ2009ኙን የሠራው የለንደን የንጽህናና የሐሩር ክልል ሕክምና ትምህርት ቤት ነው። በ50 ዓመት ውስጥ የታተሙ 162 ጥናቶችን ሰበሰበ፤ የጥራት ወንፊቱን ያለፉት 55 ብቻ ናቸው። ውጤቱን በ11 ምድብ ሲያስቀምጠው በ8ቱ ልዩነት አልታየም። በቀሩት 3 ግን ታይቷል፤ ናይትሮጅን በተለመደው ምርት፣ ፎስፈረስና የአሲድ መጠን ደግሞ በኦርጋኒኩ ከፍ ብለው ተገኝተዋል። እዚህ ላይ ልብ በል፦ አንቲኦክሲደንት የሆኑትን፣ ፌኖሊክ የሚባሉትን የእፅዋት ውህዶች በሙሉ ጠቅልሎ የከተታቸው አንድ ምድብ ውስጥ ነው።

የ2014ቱን የመራው የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። 343 ጽሑፎችን ተጠቀመ፤ ወንፊቱ ሰፋ ያለ ነው፤ ውህዶቹንም በየዓይነታቸው ነጣጥሎ መዘናቸው። 69 ከመቶ የሚለው ፍላቫኖን ለሚባሉት ብቻ ነው። አንቶሲያኒን 51፣ ፌኖሊክ አሲዶች 19 ከመቶ ናቸው። ስለዚህ «ኦርጋኒክ ምግብ 69 ከመቶ የበለጠ ገንቢ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመህ ጥናቱን አላነበበውም። እዚያው ጥናት ላይ የኦርጋኒኩ ፕሮቲን ያነሰ እንደሆነ፣ ናይትሬቱ በ30 ከመቶ፣ ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ብረት በ48 ከመቶ ዝቅ እንደሚል ተጽፏል። ፕሮቲኑን ግን ማንም አያነሳውም።

እንዲህ ያለ ቁጥር ስታይ መጀመሪያ የምትጠይቀው፣ የተለካው በእርጥቡ ነው ወይስ በደረቁ የሚለውን ነው። ሁለት አንድ አንድ ኪሎ ቲማቲም ያዝ። አንደኛው 95 ከመቶ፣ ሌላኛው 94 ከመቶ ውሃ ነው እንበል። ሲታይ ኢምንት ልዩነት ነው። ውሃውን አድርቀህ አውጣው፤ ከመጀመሪያው 50 ግራም፣ ከሁለተኛው 60 ግራም ይቀርሃል። የደረቁ ክፍል አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ በእርጥቡ ሲመዘን ሁለተኛው በሁሉም ነገር 20 ከመቶ ይበልጣል። ከመለቀሙ በፊት ብዙ ውሃ የጠጣውን ከጥቂት ከጠጣው ጋር አወዳድረው ብልጫውን ለእርሻው ዘዴ የሚሰጡ ጽሑፎች ጥቂት አይደሉም። ዝርያው አንድ መሆኑን፣ የተለቀመበትን ቀንና ብስለቱንም እይ። እነዚህን ያልጻፈ ንጽጽር ከሆነ እለፈው።

አፈር ቆፋሪ፦

ሚዛን በደንብ አስቀምጦታል። እኔ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ልጨምር፤ ምክንያቱን ካወቅን የቱ ምግብ ላይ እንደሚታይ መገመት አይከብድም።

ዋናው ጉዳይ ናይትሮጅን ነው። ዩሪያና መሰል ማዳበሪያዎች ናይትሮጅኑን ተክሉ ወዲያው በሚወስደው መልክ ያቀርቡለታል። ተክሉም ፕሮቲን ይሠራል፣ ቅጠል ያወጣል፣ ቶሎ ያድጋል። የተረፈውን በናይትሬት መልክ ያከማቻል። ኮምፖስትና ፍግ ግን ናይትሮጅናቸውን የሚለቁት የአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን ሲያብላሏቸው ስለሆነ ቀስ ይላሉ። ናይትሮጅን ሲያጥረው ተክሉ በፀሐይ የሠራውን ካርቦን ወደ ፕሮቲን መቀየር ስለማይችል ፖሊፊኖል (ሚዛን ፌኖሊክ ያላቸው ወገን) እና መሰል መከላከያ ውህዶች ላይ ያውለዋል። የተባይና የበሽታ ጫናም እዚያው ላይ ይጨምርበታል። የኦርጋኒክ እህል ፕሮቲን የሚያንሰውና ፖሊፊኖሉ የሚጨምረው በዚሁ በአንድ ምክንያት ነው።

ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳየው በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2007 ያወጣው የቲማቲም ጥናት ነው። ለ10 ዓመት ከጎን ለጎን ማሳ እየደረቀ የተቀመጠ ናሙና መረመሩ። ከፖሊፊኖሎቹ የኦርጋኒኩ ኩዌርሴቲን በ79 ከመቶ፣ ኬምፕፌሮሉ በ97 ከመቶ በልጦ ተገኘ። የሚገርመው ግን ብልጫው በየዓመቱ እየሰፋ መሄዱ ነው፤ አፈሩ እየዳበረ ሲመጣ የሚጨመረው ፍግ ተቀንሶ ነበር። ማለትም ፍግ የቀነሰ ገበሬ ነው ቁጥሩን ያሳደገው።

ከዚህ የምትወስደው፦ የኦርጋኒክ ማኅተሙ የናይትሮጅኑን መጠን አይነግርህም። ፍግ ያለ ልክ የተደፋበት ኦርጋኒክ ስፒናች በናይትሬት ከተለመደው ሊብስ ይችላል፤ በልኩ ማዳበሪያ ያገኘ የተለመደ ቲማቲም ደግሞ ለኦርጋኒኩ ይቀርባል። ካድሚየም በበኩሉ በዋናነት ከፎስፌት አለት ከሚሠራ ማዳበሪያ ነው የሚመጣው፤ እሱ እንደ አፈሩና እንደ አለቱ ይለያያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፖሊፊኖል እንደ ቫይታሚን ሲ በቀን ይህን ያህል ይወሰድ የሚባል መጠን የለውም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግቦችን የአንቲኦክሲደንት አቅም የሚዘረዝረውን ሰንጠረዥ በ2012 ከድረ ገጹ አንስቶታል፤ በብልቃጥ ውስጥ የተለካ አቅም ሰው ሰውነት ውስጥ ያው ይሠራል ማለት ስላልሆነ ነው።

ጠያቂው፦

እናመሰግናለን፣ አሁን ገባኝ። ወተቱስ? ኦሜጋ 3 የሚባለው ጠቃሚ ቅባት በ50 ከመቶ ይበልጣል የሚለው እውነት ነው?

ሣርና ላም፦

እውነት ነው። በ2016 የታተሙት ሁለት ትልልቅ ማጠቃለያዎች የኦርጋኒክ ወተት ኦሜጋ 3 በ56 ከመቶ ገደማ፣ የሥጋው በ47 ከመቶ ይበልጣል ብለዋል። አሁን ግን ከመቶኛው ወርደን ወደ ብርጭቆው እንምጣ።

250 ሚሊ ሊትር ያልተገፈፈ ወተት ውስጥ 8.5 ግራም ያህል ቅባት አለ። ከዚህ 0.7 ከመቶው ኦሜጋ 3 ነው ብለን እንያዝ፤ 60 ሚሊ ግራም ይሆናል። 56 ከመቶ ስንጨምርበት 93 ይደርሳል። ትርፉ 33 ሚሊ ግራም ነው። ከእፅዋት ለሚገኘው ኦሜጋ 3 በአሜሪካ የተቀመጠው በቂ የቀን መጠን ለሴት 1.1፣ ለወንድ 1.6 ግራም ነው። 33 ሚሊ ግራሙ ለሴቷ 3 ከመቶ ማለት ነው። 7 ግራም የተፈጨ ተልባ ብቻውን 1.6 ግራም ገደማ ይሰጣል። የተገፈፈ ወተት የምትገዛ ከሆነ ደግሞ ቅባቱ ወጥቷል፤ የከፈልክበት ኦሜጋ 3 አብሮ ሄዷል።

ብልጫውን የሚያመጣው ሣሩ ነው። የኦርጋኒክ ደንብ ግጦሽን ግድ ስለሚል ላሟ እህል ቀንሳ ሣር ትበላለች። ኦርጋኒክ ማኅተም የሌላት ግን ሣር ስትግጥ የምትውል ላም ወተት ያንኑ ያሳያል። በበረት ውስጥ ድርቆሽ በምትበላበት ወቅት የኦርጋኒኳም ይወርዳል።

ሰው የማያየው ሌላ ነገር አለ፦ አዮዲን። በዚያው የወተት ማጠቃለያ የተለመደው ወተት አዮዲን በ74 ከመቶ ይበልጣል። ማዕድን የተጨመረበት መኖ ስለሚሰጥና ጡቷ በአዮዲን ስለሚጸዳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮ ግራም ነው የሚለው። አዮዲን ያለው ጨው የምትጠቀም ቤት ከሆነ አያሳስብህም። ጨውም አሳም የማትነካ፣ አዮዲኗን ከወተት ብቻ የምታገኝ ነፍሰ ጡር ወደ ኦርጋኒክ ስትቀይር ግን ክፍተቱን በሌላ መሙላት አለባት።

የአኩሪ አተር ወይም የሩዝ «ወተት» የሚጠጣ ሰው ደግሞ ከማሸጊያው ኋላ ያለውን ጽሑፍ ያንብብ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ሕግ ካላስገደደ በቀር ኦርጋኒክ ምግብ ውስጥ ማዕድን መጨመር አይቻልም። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2021 ካልሲየም ለመጨመር ሲባል የባሕር አልጌ ዱቄት መጨመርንም ከልክሏል። ስለዚህ ኦርጋኒኩ ብዙ ጊዜ ካልሲየም የለውም፤ ጎኑ ያለው ተራው አለው። ለሕፃን በወተት ምትክ የሚሰጥ ከሆነ ይህ ትልቅ ስህተት ነው።

ድስት ክዳን፦

ወንድሞች፣ ሁላችሁም ስለ ንጥረ ነገር አወራችሁ፤ ሰው ኦርጋኒክ የሚገዛው ግን በአብዛኛው ፀረ ተባይ ፈርቶ ነው። እዚያ ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። በ2014ቱ ጥናት የፀረ ተባይ ቅሪት በተለመደው ምርት ላይ 4 እጥፍ ያህል ደጋግሞ ተገኝቷል። በ2006 የወጣ ጥናት ደግሞ 23 ልጆችን ለ5 ቀን ኦርጋኒክ አብልቶ ሽንታቸውን ሲመረምር ማላታዮንና ክሎርፓይሪፎስ የሚባሉት ፀረ ተባዮች ምልክት ወዲያው ወርዶ አገኘው፤ ወደ ቀድሞው ምግብ ሲመለሱ ተመለሰ። መገኘቱ ጎዳ ማለት አይደለም፤ ቅሪቱ በአብዛኛው ከተፈቀደው ጣሪያ በታች ነው። ኦርጋኒክም ቢሆን መዳብ፣ ድኝ፣ ፓይረትሪን፣ ስፒኖሳድ ይረጫል። «ምንም አልተረጨበትም» ማለት አይደለም።

እጥበቱን በተመለከተ፣ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በ2017 ፖም ላይ የሞከረው አለ። በአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ ማለትም 2 የሻይ ማንኪያ ልክ ልኩን። ፖሙን ሙሉ በሙሉ ንከረው። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ተወው፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው። በዚህ መንገድ ታያቤንዳዞል የተባለው ፀረ ሻጋታ 80 ከመቶ፣ ፎስሜት የተባለው ፀረ ነፍሳት 96 ከመቶ ለቀቀ። ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው፤ ሶዳው ኬሚካሉን እየሰባበረ ስለሆነ የሚሠራው፣ ነክሮ ማውጣት ብቻ አያደርገውም። 20 ከመቶው ታያቤንዳዞል ደግሞ ልጣጩ ውስጥ እስከ 80 ማይክሮ ሜትር ሰርጎ ነበር፤ እሱን ማንም ውሃ አያወጣውም። መላጥ ያወጣዋል፤ ግን አፈር ቆፋሪ ያወራለት ፖሊፊኖልና ቃጫው በብዛት ያለው ልጣጩ ላይ ነው። በሳሙና አትጠብ፤ ልጣጩ ይመጠዋል፣ ትበላዋለህ።

አሁን ደግሞ ለማንም የማይጥም ነገር ልበል፦ ወጥ ቤት የሚጠፋው እርሻ ላይ ከሚገኘው ልዩነት ይበልጣል። ፎሶሊያ በ4 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ 7 ቀን ቢቀመጥ ከቫይታሚን ሲው 77 ከመቶ ሊያጣ ይችላል፤ ትኩስ አተር በዚያው ሁኔታ 15 ከመቶ። ሳምንት ማቀዝቀዣ የከረመ ኦርጋኒክ ፎሶሊያ በተለቀመ ቀን ከቀዘቀዘ ተራ ፎሶሊያ ያነሰ ነው። ስትቀቅል ውሃውን አብዝተህ ብትደፋው ቫይታሚን ሲና ፎሌት አብረው ይደፋሉ። ውሃውን አፍልተህ አትክልቱን ጨምር፣ ትልልቅ አድርገህ ቁረጥ፣ ክደነው፣ ቶሎ አውጣው። በእንፋሎት ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው።

ለጥያቄህ ቅደም ተከተል ብሰጥ፦ ከነልጣጩ የሚበላውን፣ ሕፃን በየቀኑ የሚበላውን፣ ለስላሳ ቆዳ ያለውን (እንጆሪ፣ ፖም፣ ስፒናች) አስቀድም። ሙዝና አቮካዶ ላይ ገንዘብ አታጥፋ።

ሚዛን፦

ስለ በሽታ የሚጠይቅ ይመጣልና አስቀድሜ ልበል። በ2018 በፈረንሳይ 68,946 ሰዎች ላይ የተደረገ ክትትል ኦርጋኒክ አዘውትረው የሚበሉት በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 25 ከመቶ ዝቅ ያለ ነው አለ። በ2014 በእንግሊዝ 623,080 ሴቶች ላይ የተደረገው ግን በአጠቃላይ ካንሰር ላይ ልዩነት አላገኘም። ኦርጋኒክ የሚገዛ ሰው በአብዛኛው አትክልት ያበዛል፣ ሲጋራ ይቀንሳል፤ ያንን ለመለየት ስሌት ይሞክራል እንጂ እስከ መጨረሻው አይችልም።

ጠያቂው፦

ድስት ክዳን፣ እጅህ ይባረክ። አንድ ብቻ ቀረኝ፦ ለ8 ወር ሕፃን የሩዝ ገንፎ። ኦርጋኒኩ አርሴኒክ የሚባለው መርዝ የለውም ይባላል።

አፈር ቆፋሪ፦

ስህተት ነው። አርሴኒኩን ሩዙ የሚያገኘው ከአፈሩና ማሳው ከሚተኛበት ውሃ ነው፤ ኦርጋኒክ መሆኑ አያግደውም። ቡናማው ሩዝ ከነጩ ይብሳል፣ ምክንያቱም ቅርፊቱ ላይ ነው የሚከማቸው። የአውሮፓ ኅብረትና የአሜሪካ ጣሪያ ለሕፃን የሩዝ ምግብ በኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም ኢንኦርጋኒክ አርሴኒክ (ይበልጥ መርዛማው የአርሴኒክ ዓይነት፤ ስሙ ከኦርጋኒክ እርሻ ጋር አይገናኝም) ነው፤ ለኦርጋኒኩም ለተራውም አንድ ነው።

ለትልልቆቹ ሩዝ ስትቀቅል 1 እጅ ሩዝ ለ6 እስከ 10 እጅ ውሃ አድርገህ ከበሰለ በኋላ ውሃውን አጥልለው፤ እንደ ሩዙ ዓይነት ከ40 እስከ 60 ከመቶው ይወጣል። የተጨመረበት ብረትና ፎሌት ካለም አብሮ ይደፋል። ለሕፃኑ ደግሞ ሩዙን በአጃ፣ በገብስና በሌላ እህል እያፈራረቅክ ስጠው። በየቀኑ ሩዝ ብቻ አታድርገው።