የቤተሰብ ስንቅ በመዝናኛ ስፍራ በር ላይ መከልከሉ ተገቢ ነውን?

የአራት ልጆች አባት (ጥያቄ አቅራቢ)

ባለፈው እሁድ እናቴን፣ ባለቤቴንና ልጆቻችንን ይዤ ከአዳማ ብዙም ወደማይርቅ አንድ የመዋኛና የመጫወቻ ስፍራ ሄጄ ነበር። ባለቤቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ ያሰናዳችው ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ስድስት ሊትር ውሃ በር ላይ ተፈትሾ «ከውጭ ምግብና መጠጥ ማስገባት ክልክል ነው» ስለተባልን ሁሉንም ወደ መኪናው መለስነው። ውስጥ ከገባን በኋላ አንዱን ሃይላንድ ከሰፈራችን ሱቅ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ከፍለን ገዛን፤ ማታ ስንመለስ እንቁላሉ ሸቶ ተጣለ። እናቴ ያዘነችው ግን ለገንዘቡ ሳይሆን ስንቅ ይዞ እንደ ሌባ መፈተሹ ስላሳፈራት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀትሩ ከ30 ዲግሪ በሚያልፍበት አካባቢ ለልጆች የተያዘን ውሃ መከልከል ተገቢ አይደለም እላለሁ። እናንተስ?

በመስተንግዶ ሥራ የምተዳደር

ወንድሜ፣ በእናትዎ ላይ ለደረሰው እኔም አፍሬያለሁ፤ ፈታሹ በአክብሮት ሊያስረዳቸው ይገባ ነበር። ይሁን እንጂ ክልከላው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የመግቢያ ትኬቱ ብቻውን የመዋኛውን ውሃ ለማጣራት፣ ለክሎሪንና ለዋና ጠባቂዎች ደመወዝ ስለማይበቃ ቤቱ የሚቆመው በወጥ ቤቱ ገቢ ነው። በበዓል ማግስት ከሣሩ ላይ የምንለቅመውን የዶሮ አጥንትና ፌስታል ያየ ሰው ደግሞ አይፈርድብንም፤ አንድ ጊዜ በባዶ እግሩ ሲሮጥ የነበረ ሕፃን ከረገጠው በኋላ የቢራ ጠርሙስ ስብርባሪ በእጄ አንሥቻለሁ። ሶደሬ የሄዱም ጦጣ ምግብ የያዘ ሰው ላይ ምን ያህል እንደሚደፍር ያውቃሉ።

ነርስ ነኝ

ምግብንና ውሃን በአንድ ክልከላ ማሰር ስሕተት ይመስለኛል። ሲጫወት የዋለ ሕፃን ውሃ እየጠማው እንኳ አይናገርም፤ አፉ ሲደርቅ፣ ሽንቱ ሲቀንስና ሲጠቁር፣ ሲያለቅስ እንባ ሲያጣ ግን ሰውነቱ ፈሳሽ እንደጎደለው ይታወቃል፤ ወላጅ ውሃ ተወደደ ብሎ ሊቆጥብ የማይገባውም ለዚህ ነው። ከስድስት ወር በታች ያለ ጨቅላ በሙቀትም ቢሆን ከእናት ጡት ሌላ ውሃ አያስፈልገውም፤ እንዲያ ከሆነ በደንብ መጠጣት ያለባት እናቲቱ ናት።

በምግቡ ግን ከጠያቂው ጋር አልስማማም። የበሰለ ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ብቻ በ10 ዲግሪ ገደማ ስለሚጨምር የእርስዎ እንቁላል መሸተቱ አይገርመኝም፤ ባይሸትም ኖሮ እንዲበሉት አልመክርም ነበር። እናቶቻችን ለሩቅ መንገድ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ የሚቋጥሩት ያለ ነገር አይደለም።

ልጆቼ አሜሪካ ያሉ እናት

ልጄ ጋ ሄጄ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ያለውን ዲዝኒ ወርልድ አይቻለሁ፤ እንደ አዳማ ሙቀት ሆኖ ላብ የማያደርቅ እርጥበት የተጨመረበት ነው። እዚያ ቤተሰብ የራሱን ምግብና አልኮል የሌለበትን መጠጥ ይዞ መግባት ይችላል፤ የሚከለከለው የጠርሙስ ዕቃ፣ ልቅ በረዶና ትልልቅ የማቀዝቀዣ ሳጥን ነው። ፈጣን ምግብ ከሚሸጥባቸው መስኮቶች ደግሞ በረዶ ያለበት ውሃ ጠይቄ በነፃ ተሰጥቶኛል። እነሱ በዚህ ካልከሰሩ የእኛዎቹ ለምን ይከስራሉ?

በመስተንግዶ ሥራ የምተዳደር

እማማ፣ ያ ቦታ ለአንድ ቀን ከ100 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ ውሃው በነፃ የመጣው ከትኬቱ ነው። እኛ የመግቢያውን ዋጋ በዚያ ልክ ብናደርገው ይኸው ሰው መልሶ ይከሰናል። ሆኖም የነርሷን ሐሳብ ተቀብያለሁ፤ በፕላስቲክ የተያዘ ውሃ፣ የሕፃናት ምግብና መድኃኒት በር ላይ መቅረት የለበትም። ጠርሙስና ወጥ ግን ይቅር።

የሚኒባስ ሹፌር

ሰው ሁሉ ስለ ምግብ ሲከራከር ባርኔጣና ጥላ የረሳ ቤተሰብ ግማሽ መንገድ ላይ «መልሰን» ሲለኝ ነው የሚውለው። ሰሌን ይዘው ጀበናና የከሰል ምድጃ የጫኑም አጋጥመውኛል።

የአራት ልጆች አባት (ጥያቄ አቅራቢ)

ስለ ወጡና ስለ እንቁላሉ ተረትቻለሁ፤ ለባለቤቴም አንብቤላት ከእንግዲህ አሥር ሰዓት አልነሣም ብላለች። ያልተመለሰልኝ አንድ ነገር ግን አለ፤ ክልከላው የተነገረን ትኬት ከቆረጥን በኋላ ነው። ስልክ ደውዬ ቦታ ስይዝ ቢነገረኝ ኖሮ ወይ ሌላ ቦታ እሄድ ነበር፣ ወይ በሶ ብቻ እይዝ ነበር፤ ገንዘቤን ተቀብሎ ሕጉን ኋላ ማሳየት ከንግድ ጨዋነት ጋር አይሄድም። ለመጪው ቅዳሜ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ሙዝ፣ ለልጆቹ ባርኔጣና አሥር ሊትር ውሃ በጀሪካን አዘጋጅተናል። ወንድሜ፣ ያ ጀሪካን እርስዎ ጋ ይገባል?

በመስተንግዶ ሥራ የምተዳደር

ይገባል። ሙዙን ግን ከጦጣ ይደብቁ።