በመድረክ ላይ እውነተኛ ጎራዴ ይመዘዝ ወይስ አይመዘዝ?

አወያይ፦ ውድ የቡድናችን አባላት፣ የዛሬው መከራከሪያ የመጣው ባለፈው ሳምንት በከተማችን በአንድ አዳራሽ ውስጥ በቲያትር ልምምድ ላይ ከደረሰው ጉዳት ነው። ሁለት ወጣቶች የጦር ሜዳ ትዕይንት ሲለማመዱ አንደኛው ጋሻውን ማንሣት ዘገየና የመጣበትን ጎራዴ በባዶ እጁ ሊመክት ሞከረ፤ ሁለት ጣቶቹ ክፉኛ ተቆረጡ። ጎራዴው ከአንድ አባት ቤት በውሰት የመጣ፣ ስለቱም እንዳለ ያለ ነበር። እንግዲህ በታሪካዊ ቲያትሮቻችን ላይ እውነተኛ ጎራዴና ጠመንጃ መያዝ ይቀጥል ወይስ ይከልከል? የተጎዳውን ልጅም ሆነ የቡድኑን ስም እንዳታነሡ አደራ እላለሁ።

አዘጋጅ፣ ከፒያሳ፦ በልጁ ላይ በደረሰው ከልብ አዝኛለሁ፤ እግዚአብሔር ይማረው። ክልከላውን ግን እቃወማለሁ። የፋሲል ግንብን በየቀኑ እያየ ያደገ፣ በአያቱ ቤት ግድግዳ ላይ ጎራዴ ተሰቅሎ የሚያውቅ የጎንደር ተመልካች፣ ደጃዝማች ካሳ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ከደጃዝማች ውቤ ጋር የገጠሙበትን ውጊያ ብርማ ቀለም በተቀባ ጣውላ ብናሳየው ይስቅብናል፤ ሳቅ የገባበት የጦር ሜዳ ትዕይንት ደግሞ ከዚያ በኋላ አይቃናም። ተዋናዩም ቢሆን የብረቱ ክብደት ካልተሰማው ክንዱ አይዝልም፣ ትንፋሹም አይቆራረጥም። ጉዳት የሚያደርሰው ያልሠለጠነ እጅ ነው፤ ስለዚህ ጎራዴውን ከመድረክ ከማባረር ይልቅ ልጆቹን ማሠልጠን ይሻላል ባይ ነኝ።

ነርስ፣ ከማራኪ፦ ጋሼ፣ ሥራዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ክንዱ እንዲዝል ተብሎ ጣቱ የሚቀርበት ወጣት ሊኖር አይገባም። የጣት ጅማቶች ከቆዳ ሥር ብዙም ሳይርቁ ስለሚያልፉ፣ ከውጭ ሲያዩት ትንሽ የሚመስል ቁርጥ ጅማቱን በጥሶት ሊሆን ይችላል። ቁስሉ ብቻ ተሰፍቶ የተሸኘ ሰው ጣቱን ማጠፍ እንደማይችል የሚያውቀው ፋሻው ሲፈታ ነው። በቀዶ ሕክምና የተቀጠለ ጅማት እንኳ ከባድ ነገር ለማንሣት የሚበቃው ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ ነው። በዚህ ላይ ከልምምድ የሚመጡ ልጆች ቁስላቸው ላይ ቡና ተነስንሶበት ሲመጡ አይቻለሁ። እባካችሁ ቡናውን ተዉት፤ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑት፣ እጁንም ከልብ በላይ ከፍ አድርጉት። ለዓመታት ግድግዳ ላይ አቧራ ሲጠጣ በኖረ ብረት የተቆረጠ ሰው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ሐኪም ሳያይለት ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም።

ተዋናይት፣ ከአዘዞ፦ ጋሼ፣ «ያልሠለጠነ እጅ ነው» ያሉት ግማሹን እውነት ብቻ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1947 በእንግሊዝ አገር በኦልድሃም ከተማ ሃሮልድ ኖርማን የተባለ ተዋናይ በሼክስፒር ተውኔት በማክቤዝ የመጨረሻ ፍልሚያ ላይ ተወግቶ፣ በዚያው ቁስል ሳቢያ ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቪየናው ቡርግቲያትር ዳንኤል ሄቬልስ ራሱን የሚያጠፋ ሰው ሲጫወት ስለቱ ሳይደነዝዝ የቀረ ቢላዋ አንገቱን ቆርጦት ለጥቂት ተርፏል። ሁለቱም ትወና ሙያቸው የሆነ ሰዎች ነበሩ። የቪየናውን ቢላዋ መጋረጃው ሳይከፈት አንድ ሰው በጣቱ ዳሰስ ቢያደርገው ኖሮ ስለት እንዳለው ያውቅ ነበር።

እኛ ዘንድ ደግሞ የሚጨመር አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሽለላው ነው። በልምምድ ጊዜ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን የቆጠርነው ምት፣ ማሲንቆው ሲጋል፣ ተዋናዩ ሲፎክር፣ ከአዳራሹ «በለው!» የሚል ድምፅና እልልታ ሲነሣ እጥፍ ይፈጥናል። ከትከሻ በላይ በአየር ሊያልፍ የተስማማንበት ጎራዴ ጆሮ ሥር ያልፋል፤ የተዋናዩም ዓይን ባልደረባውን ትቶ ወደ ተመልካቹ ይዞራል። ስለዚህ ፉከራውና ውጊያው ይለያዩ። ፎክሮ ይጨርስ፣ ይቁም፣ ባልደረባውን ዓይን ለዓይን ይየው፤ ባልደረባውም «ዝግጁ ነኝ» ሲል በዓይኑ ከመለሰለት በኋላ ይሰንዝር። ይህች ቆይታ ከአንድ ትንፋሽ አትበልጥም፤ ተመልካቹም ፍጥጫ አድርጎ ነው የሚያያት።

ስለ ጥፊም ልናገር፤ እኛ ሴቶች ከጎራዴ ይልቅ የምንጎዳው በእርሱ ነውና። «እውነት እንዲመስል ምታት» የሚል አዘጋጅ ገጥሞኝ ጆሮዬ ሲጮህ አድሯል። በመዳፍ የተመታ ጆሮ ታምቡሩ ሊቀደድ እንደሚችል ያን ጊዜ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የመድረክ ጥፊ ማንንም መንካት የለበትም፤ ተመቺዋ ለተመልካቹ በከፊል ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች፣ የመቺው እጅ ከፊቷ ራቅ ብሎ ያልፋል፣ በዚያችው ቅጽበት እርሷ ከደረቷ አጠገብ በሸሸገቻቸው እጆቿ አንድ ጊዜ አጨብጭባ ራሷን ታዞራለች። ከመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን አያውቅም።

ጡረተኛ ወታደር፣ ከቀሃ፦ ልጆቼ፣ ስለ ጠመንጃው እኔ ልናገር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን የጠጡበትን ትዕይንት ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ተዋናዩ እውነተኛ ሽጉጥ አፉ ውስጥ ሲያስገባ ባየሁ ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሣለሁ። «እርሳሱ ወጥቷል፣ ባሩድ ብቻ ነው» የሚለው መልስ አያጽናናኝም። እ.ኤ.አ. በ1984 ጆን ኤሪክ ሄክሰም የተባለ አሜሪካዊ ተዋናይ በቀረጻ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ እርሳስ የሌለው ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ጆሮ ግንዱ ላይ አድርጎ ተኮሰ፤ የፍንዳታው ግፊት የራስ ቅሉን ሰብሮ ገደለው። ሽጉጡ ከእንጨት ይሠራ፣ ድምፁም ከመጋረጃ ጀርባ በነጋሪት ይምጣ። በዚህ ነገር ላይ መደራደር አልፈልግም።

የሕግ ባለሙያ፣ ከአራዳ፦ በአጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሠራተኛው ላይ በሥራ ምክንያት ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ችግሩ የብዙዎቹ ወጣቶቻችን የቅጥር ውል የሌላቸው መሆኑ ነው፤ በፍቅር ነው የሚሠሩት። እንዲህ ያለው ልጅ ካሳ የሚጠይቀው በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የሌላውን ጥፋት አስረድቶ ነው፤ ይህም ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ ጉዳት ቢደርስ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚችል የሚገልጽ አንድ ገጽ ስምምነት ልምምድ ሳይጀመር ይፈረም።

ቀጥቃጭ፣ ከቅዳሜ ገበያ፦ አንዳንድ አዘጋጆች የአያታቸውን ጎራዴ ይዘው መጥተው «ስለቱን አደንዝልን» ይሉኛል፤ እኔ ግን እመልሳቸዋለሁ። ቅርሱ ይበላሻል፤ በዚያ ላይ አሮጌ ብረት ዓይን በማያየው ቦታ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ሲጋጭ ተሰብሮ ወደ ሰው ይፈናጠራል። ከመኪና ባሌስትራ አዲስ መሥራት ይቻላል፤ አፉ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ወፍራም ሆኖ ይከበባል፣ ጫፉም እንደ ማንኪያ ጫፍ ይሞለሞላል። ብረት ስለሆነ ክብደቱም ድምፁም አይጎድልም። ሁለት ጎራዴ በተጋጨ ቁጥር ግን አፉ ላይ ጥርስ ያወጣል፤ ያ ጥርስ ሥጋ ይቀዳል። ከእያንዳንዱ ትርኢት በኋላ በሞረድ ማስተካከል ግድ ነው፤ እጀታውም መላላት አለመላላቱ ይነቅነቅ።

አዘጋጅ፣ ከፒያሳ፦ አባባ ስለ ሽጉጡ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ ነጋሪቱም ሐሳቡ ያማረ ነው። የባሌስትራውንም ጎራዴ አዝዛለሁ፤ ዋጋውን በውስጥ መስመር ይላኩልኝ። ስምምነቱንም እፈርማለሁ። እንግዲህ ስለቱ ከጠፋ የክርክሩ ምክንያት የጠፋ ይመስለኛል።

ነርስ፣ ከማራኪ፦ አልጠፋም፣ ጋሼ። ስለት የሌለው ብረትም ጣት ይሰብራል፣ ዓይን ያፈሳል። ቆስሎ ሲወድቅ ራሱን ከሲሚንቶ ወለል ጋር ያጋጨ ተዋናይ ምንም ደም ሳይፈሰው አንጎሉ ሊናወጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ልጅ «ደህና ነኝ» ቢል እንኳ በዚያ ቀን ወደ መድረክ መመለስ የለበትም።

ተዋናይት፣ ከአዘዞ፦ እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በትርኢቱ ዕለት ተመልካች ሳይገባ የውጊያው ክፍል በሙሉ በዝግታ አንድ ጊዜ ይደገም፤ ትናንት ስለተጫወትነው ዛሬ እናውቀዋለን አይባል። ሁለተኛው፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ ውጊያውን ብቻ የሚከታተል፣ አደጋ ሲያይ የማስቆም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ይኑር፤ ይህ ሰው አዘጋጁ አይሁን። አዘጋጁ ትዕይንቱ እንዲያምርለት ስለሚጓጓ ምቱ ሲፈጥን ደስ ይለዋል።

አዘጋጅ፣ ከፒያሳ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያውን ከዛሬ ጀምሮ እፈጽማለሁ። ሁለተኛው ግን ይከብደኛል። ቲኬት ቆርጦ የገባ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት፣ በትዕይንቱ መካከል፣ ከእኔ ሌላ ሰው «ቁም» ሲል የሥራው ባለቤት ማን ነው ሊባል ነው? አንድ ጊዜ የተቋረጠ ውጊያ እንደገና ሲጀመር ማንም አያምነውም።

ተዋናይት፣ ከአዘዞ፦ «ቁም» ብሎ መጮህ አያስፈልግም። ነጋሪት መቺው ምልክቱን ያውቃል፤ አስቀድመን የተስማማንበትን ምት ሲመታ ሁለቱም ወገኖች ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፣ ተመልካቹም ጦሩ ተለያየ ብሎ ነው የሚያየው። የሥራው ባለቤት እርስዎ ነዎት፤ በውጊያው ጊዜ ግን ነጋሪቱ ለእርስዎ አይታዘዝ።

አዘጋጅ፣ ከፒያሳ፦ ነጋሪቱ ትዕይንቱን ካላቋረጠ ልሞክረው እችላለሁ፤ ገና አላመንኩበትም። ባሌስትራዎቹ ሲደርሱ ልምምዱን ነይና እይው፤ ነጋሪት መቺውንም አንቺው ምረጪ።