የጥቅምት ጉዞ፦ ሳንቃበር ነው ኮሶዬ?

ጸሐፊ፦ ባለፈው ቡና ላይ የተነሳው ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ልጀምረው። ጥቅምት ላይ ከነልጆቻችን ቅዳሜና እሁድን ከጎንደር ወጣ እንበል ተባብለናል። የኔ ሐሳብ ሰሜን ተራሮች ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ ያየዋል። የኔ ልጅ ግን ጭላዳ ዝንጀሮን የምታውቀው በቴሌቪዥን ነው። የፓርኩ መግቢያ ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው።

የመንትዮቹ እናት፦ ደባርቅስ እሽ። ፓርኩ ውስጥ ያለው የሳንቃበር ካምፕ ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። የጥቅምት ሌሊት እዚያ ላይ ውርጭ ነው፤ የአራት ዓመት ልጆች ይዤ ድንኳን አልገባም። ኮሶዬ ምን ጎደላት? በደባርቅ መንገድ ላይ ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ናት። ገደሉ አፋፍ ላይ ሆነህ ቆላውን ቁልቁል እያየህ ቡናህን ትጠጣለህ፤ ሲመሽ ቤትህ ነህ።

ጸሐፊ፦ እታለም፣ አዳር የሌለው ጉዞ ምኑን ጉዞ ሆነ?

ሰብሳቢ፦ ልጆቼ፣ እኔ የእሁድ ቅዳሴ አላስታጉልም። ጉልበቴም ሳንቃበርን አይችልም። እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ።

የመንትዮቹ እናት፦ ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ የሌሉበት ምን ያደርግልናል!

አስተማሪው፦ ሁለቱንም ብናደርገውስ? ቅዳሜ 12 ሰዓት ጠዋት ከጎንደር እንነሳ። ደባርቅ የፓርኩ ቢሮ ከፍለን፣ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዘን፣ ረፋዱ ላይ ሳንቃበር እንደርሳለን። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣና ቂጡ ላይ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ይውላል። ወንዱ ጋማውን ሲነሰንሰው ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ነው የሚመስለው፤ ደረቱ ላይ ያለችውን ቀይ ቆዳ ልጆች አይረሷትም። ብቻ ዳቦ እንዳይወረውሩለት እንምከራቸው፤ ምግቡ ሣር ነው። ዋልያ ካላየን አትከፉ፣ እሱ የሚበዛው ከሳንቃበር አልፎ ወደ ጨነቅ ነው። ማታ ወርደን ደባርቅ ሆቴል እናድራለን፤ ድንኳን የለም። እሁድ ስንመለስ ኮሶዬ እንቆማለን። ጋሼና ትልልቆቹ ከቅዳሴ በኋላ ከጎንደር መጥተው እዚያው ይቀላቀሉን።

ሰብሳቢ፦ ይኼ እንኳ ያስኬዳል።

የመንትዮቹ እናት፦ እኔም ገባሁ። ጋቢ ብቻ አይበቃም፣ ለልጆች ሹራብና ኮፍያ ይያዝ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ የምፈራው መኪናውን ነው። አምና በቃል ተዋውለን፣ መንገድ ላይ «የመቆሚያ ጨምሩ» ተባልን። ልጆች እያለቀሱ ግማሽ ሰዓት ስንጨቃጨቅ ትዝ ይላችኋል። ዘንድሮ ኮንትራቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ነዳጅ፣ የሾፌር አዳር፣ የመቆሚያ ሰዓት ሁሉም ይግባበት። ለቅዳሜ አንድ ቅጥቅጥ፣ ለእሁድ አንድ ሚኒባስ ይበቃናል። መዋጮውን የማሰላው የሚሄደው ሰው ቁጥር ሲታወቅ ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ተመዝገቡ። መታወቂያ አትርሱ፤ የፓርኩ መግቢያ ለኢትዮጵያዊ ከውጭ ዜጋው ያንሳል።

አስተማሪው፦ ከመነሳታችን በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከመናኸሪያ ሾፌሮች እጠይቃለሁ። ደህና ካልሆነ ቀኑን እንገፋዋለን።

ጸሐፊ፦ የእሁዱ ምሳስ? በጥቅምት አንድ አጥንት ነው!

ሰብሳቢ፦ አጥንቱን ለናንተ። እኔ ጽጌን እጾማለሁ።

የመንትዮቹ እናት፦ ለጋሼና ለጿሚዎቹ ሽሮና ምስር ለብቻ ይሠራል። ጥብሱን የቀሩት ወንዶች ይጥበሱት፤ እኛ ከደባርቅ ደክሞን ነው የምንመጣው።

ጸሐፊ፦ እሽ፣ ለስብሰባው የማቀርበው ይኼ ነው፦ ቅዳሜ ሳንቃበር፣ አዳር ደባርቅ፣ እሁድ ኮሶዬ ላይ ሁላችንም። የቀረው ጀበና ብቻ ነው። ማን ይይዛል?

ገንዘብ ያዥ፦ አምና እጀታው የተሰበረው የኔ ነው። ዘንድሮ ሌላ ሰው ይያዝ።