ነገ ጠዋት ኦስኪ አለን፣ የስኪል ላቡ (የተግባር መለማመጃ ክፍሉ) መጋረጃ ወደቀ! ምን ላድርግ?

የድሬዋ ነርስ፦
ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ 2፡30 ላይ ለነርሲንግ ተማሪዎቻችን ኦስኪ፣ ማለትም ከስቴሽን ስቴሽን (ከአንዱ መፈተኛ ቦታ ወደ ሌላው) እየዞሩ የሚፈተኑት የተግባር ፈተና አለን። ስቴሽኖቹን የሚከፍለው የመጋረጃ ብረት አሁን ከነፊሸሩ ከግድግዳው ተነቅሎ ወደቀ። አናጢው ሰኞ ነው የምመጣው ብሏል። ሁሉም ነገር ይታያል፣ ሁሉም ነገር ይሰማል!

መምህር ከሐረር፦
መጀመሪያ ኦስኪ ለምን እንደመጣ እናስታውስ። ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ ስኮትላንድ፣ ዳንዲ ውስጥ ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። የተማሪው ውጤት በደረሰው በሽተኛና በገጠመው ፈታኝ መምህር ላይ እንዳይንጠለጠል ነው ሐሳቡ። ለሁሉም እኩል ጥያቄ፣ ለሁሉም እኩል ሰዓት። ተማሪ የጎረቤቱን መልስ ከሰማ እኩልነቱ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ክፍል ሲሠራ ጀምሮ...

የከዚራ ልጅ፦
አቦ ጋሼ፣ ታሪኩን ነገ ይንገሩን! እህቴ፣ ቀፊራ ገበያ ውረጂ፣ ገመድ ግዢ፣ አንሶላ ስቀይ። አለቀ።

ሳቢያን፦
እኔ ግን ነገሩ መጋረጃው አይመስለኝም። መጋረጃ ዓይን ይከልላል እንጂ ድምፅ አያስቀርም። ድሮም ይሰማ ነበር። ለምን ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ አደረጋችሁት? ስንት ስቴሽን ነው? ስንት ተማሪ?

የድሬዋ ነርስ፦
ይቅርታ፣ አልጻፍኩትም። 8 ስቴሽን፣ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ፣ ለመቀያየሪያ 1 ደቂቃ። 32 ተማሪ። ሌሎቹ ክፍሎች ተቆልፈዋል፣ ቁልፍ ያዡም ሄዷል። ክፍት ያለው በረንዳው ብቻ ነው።

አበባ፦
ገመድና አንሶላ ይበቃል።

ስኪል ላብ ሠርቼ አውቃለሁ፦
በረንዳ ካለሽ ግማሹ ተፈታ። አንድ ዙር 48 ደቂቃ ነው፣ 4 ዙር ሳታርፉ ብትሄዱ እንኳ 5፡42 ይሆናል። ያን ጊዜ የድሬ ፀሐይ የት እንደምትደርስ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ጥላው የማይለቀውን ጎን ምረጪ።

የልብ ማሸት ስቴሽኑን እዚያ አውጪው። ተማሪው ጮክ ብሎ ስለሚቆጥር ውስጥ ከሆነ ጎረቤቱን ይረብሻል። ተንበርክኮ እንዲያሽ፣ ፈታኙም ጥልቀቱን ከጎን እንዲያይ ቦታ ተዪ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው የሚጫነው፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር የሚባለው ጥልቀት ግን ከፊት ለፊት ቆሞ አይታይም። ማኒኪኑ (የመለማመጃ አሻንጉሊቱ) ስር ጋዜጣ እንዳታነጥፊ! ቀለሙ ቆዳው ላይ ይቀራል፣ አይለቅም።

ውስጥ ያሉትን ደግሞ አንድ የሚያወራ፣ አንድ ዝም የሚል አድርገሽ ደርድሪ። የመድኃኒት መጠን ስሌትና ኤክስሬይ ማንበብ ድምፅ የላቸውም። በሽተኛ የሚጠየቅበትንና ምክር የሚሰጥበትን አራርቂያቸው።

የከዚራ ልጅ፦
የጣሪያው ማራገቢያ አንሶላውን ያርገበግበዋል። ታችኛው ጫፍ ላይ አሸዋ የሞላ ሃይላንድ እሰሪበት። አሸዋ ደግሞ ደቻቱ ወንዝ ሞልቷል 😄

ሳቢያን፦
ማራገቢያውን ማጥፋት አይሻልም?

ስኪል ላብ ሠርቼ አውቃለሁ፦
በድሬ ሙቀት? ጓንት ያጠለቀ ልጅ እጁ በላብ ይዋኛል፣ መርፌ እንዴት ይይዛል?

የድሬዋ ነርስ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ባጃጅ ላይ ነኝ፣ ቀፊራ እየወረድኩ።

አበባ፦
ገመዱን ምስማር ላይ ሳይሆን የመስኮቱ ብረት ላይ እሰሪው፣ ግድግዳው ነው የከዳሽ።

መምህር ከሐረር፦
እህቴ፣ እንዴት ሆነ? ተማሪዎቹ ጨረሱ?