የዓሣ መፈለጊያው ዳር ላይ ጥልቀቱን እጥፍ አድርጎ ያነባል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ከደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። ሐይቅ ላይ ከአጎቴ ጋር የምንሠራባት ትንሽ የፋይበር ጀልባ አለችን። ወንድሜ ከአሜሪካ ፊሽ ፋይንደር (ዓሣና የውኃ ጥልቀት በድምፅ የሚያሳይ መሣሪያ) ላከልንና ራሴ ገጠምኩት። ቁጥሩን ግን ማመን አቃተኝ። ዳር ላይ ድንጋይ ያሰርኩበትን ገመድ ስጥል 2.5 ሜትር ነው፤ ስክሪኑ 5 ይላል። ወደ መሀል ገብተን ገመዱ 20 ሲል እሱም 20 ገደማ ይላል። ሞተሩን ስናፈጥን ደግሞ ቁጥሩ ብልጭ ድርግም እያለ ይጠፋል። መረብ የምንጥለው ጥልቀቱን አይተን ነውና እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ
ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ መጀመሪያ መለኪያውን እይ፣ ፉት ላይ ሊሆን ይችላል። 1 ሜትር 3.28 ፉት ነው።

ጠያቂው፦ አይቼዋለሁ ወንድሜ፣ ሜትር ላይ ነው።

መልስ፦ ከደሴ፣ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ
ፉት ቢሆን መሀሉም ላይ ይሳሳት ነበር። የባሕር ውኃ የሚለው ምርጫ ተነክቶ ቢሆንም ልዩነቱ 3 በመቶ ገደማ ነው፤ እጥፍ አያደርግም። ያንተ መሣሪያ ያነበበው ሁለተኛውን ማሚቶ ይመስለኛል። ትራንስዱሰሩ፣ ማለትም ውኃው ውስጥ የሚገባው ድምፅ ላኪና ተቀባይ ክፍል፣ ድምፅ ይልካል፣ ድምፁ ወለሉን ነክቶ ይመለሳል፣ መሣሪያው የፈጀውን ጊዜ ይቆጥራል። በሐይቅ ውኃ ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 1,480 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ዳር ላይ ወለሉ ቅርብ ነው፤ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ የተመለሰው ድምፅ ገና ኃይል አለው። ከውኃው ገጽ ተንጸባርቆ እንደገና ወለሉን ነክቶ ይመጣል። መሣሪያው ይህንን ከያዘ 2.5 የነበረው 5 ይሆናል። ሴንሲቲቪቲውን (የሚመለሰውን ድምፅ የመያዝ አቅሙን) ከአውቶ አውጥተህ በጥቂቱ ዝቅ አድርገው። ዳር ላይ ስትሠራ ሬንጁን (ስክሪኑ የሚያሳየውን ጥልቀት) ከ0 እስከ 10 ሜትር ወስነው። የድምፁ ድግግሞሽ ምርጫ ላይ 200 ኪሎኸርዝ ካለው እሱን ምረጥ።

መልስ፦ ከሐይቅ ከተማ፣ ዓሣ አስጋሪ
በፍጥነት ስትሄድ የሚጠፋው በአየር አረፋ ነው። እኔም ላይ ደርሷል። ትራንስዱሰሩ ለሞተሩ ክንፍ ቀርቦ ከሆነ አርቀው። ፊቱ ከጀልባዋ ሆድ ትንሽ ዝቅ ይበል፤ ጀልባዋ ተጭና ስትንሳፈፍ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይይ። ካዘነበለ ድምፁ በሰያፍ ሄዶ ጥልቀቱን ያበዛዋል። ገመዱን ስትጥልም ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ይሁን። ነፋስ ጀልባዋን ከገፋት ገመዱ ይጋደምና እሱም ይዋሻል።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ
ሞተሩ ሲነሳ ስክሪኑ ጠፍቶ የሚበራ ከሆነ ለብቻው 12 ቮልት ባትሪ ስጠው።

ጠያቂው (ከሳምንት በኋላ)፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! ሴንሲቲቪቲውን ዝቅ ሳደርግ ወዲያው 5 የነበረው 2.2 ሆነ። ገመዱ አሁንም 2.5 ስላለ ግራ ገባኝ።

መልስ፦ ከደሴ፣ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ
ትራንስዱሰሩ ውኃ ውስጥ ስንት ሴንቲ ገብቷል? መሣሪያው የሚቆጥረው ከራሱ ፊት ጀምሮ እንጂ ከውኃው ገጽ አይደለም።

ጠያቂው፦ ለካሁት፣ 30 ሴንቲ! ኪል ኦፍሴት በሚለው የጥልቀት ማስተካከያ ላይ 0.3 ደመርኩ፣ አሁን ከገመዱ ጋር አንድ ሆነ። ትራንስዱሰሩን ከሞተሩ አርቄ ስቀይረውም ቁጥሩ መጥፋት ቀንሷል፤ ሙሉ ፍጥነት ላይ ብቻ አልፎ አልፎ ይጠፋል። አጎቴ ገመዱን ግን ከጀልባው አላወጣም ብሏል፤ እኔም እስማማለሁ።