የሦስት ካሜራ ምስል ከከበሮው ድምፅ ጋር አልገጥም አለኝ

የቀሃ ዳር (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የቪዲዮ ባለሙያ አይደለሁም፤ ሰንበት ትምህርት ቤታችን በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን ጠዋት፣ እዚሁ ጎንደር በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ያቀረበውን ወረብ ወደ አንድ ወጥ ቪዲዮ የማምጣቱ ሥራ ግን ላፕቶፕ ስላለኝ ብቻ በእኔ ላይ ወደቀ። የተቀረጸው በሦስት ካሜራ ነው። አንደኛው ከውኃው ማዶ፣ የዛፍ ሥር ከተጠመጠመበት የድንጋይ አጥር አጠገብ በትራይፖድ የቆመ ካምኮርደር ነው፤ ሁለተኛው ከመዘምራኑ ፊት በአምስት ሜትር ርቀት ላይ የነበረ ዲኤስኤልአር ነው፤ ሦስተኛው ወንድሜ እየተዘዋወረ የቀረጸበት ስልክ ነው።

የምጠቀመው እስከ አራት ካሜራ በአንድ መስኮት የሚያሳይ የቤት ሶፍትዌር ነው። ክሊፖቹን በድምፅ ሞገዳቸው እንዲያገጣጥም ሳዝዘው መጀመሪያ ላይ ሁሉም የገጠመ ይመስላል። ሠላሳኛው ደቂቃ ገደማ ሲደርስ ግን የስልኩ ምስል ከድምፁ በግልጽ ይለያያል። የካምኮርደሩ ነገር ደግሞ ከሁሉም ግራ ያጋባኛል፤ የድምፅ ሞገዱ ከዲኤስኤልአሩ ሞገድ ጋር ልክ ለልክ ተነባብሮ እያየሁት፣ የመቺው እጅ ከበሮው ላይ የሚያርፈው ድምፁ ከመሰማቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ይለፍ እንዳልል፣ ያሳየኋቸው መሪጌታ ገና ሁለተኛውን ምት ሳይጨርሱ «ይህ ልጅ መትቶ ካነሣ በኋላ ነው እንዴ ከበሮው የሚጮኸው?» አሉኝ። ስሕተቱ የቱ ላይ ነው?

የሠርግ ቀራጭ፦

በስልኩ ልጀምር፤ እኔም በሠርግ ሥራ ብዙ ጊዜ ያስቸገረኝ እሱ ነው። አብዛኛው ስልክ በሰከንድ የሚይዘው የፍሬም (የነጠላ ምስል) ብዛት ቋሚ አይደለም፤ ብርሃን ሲቀንስ ወይም ስልኩ ሲሞቅ ብዛቱን ዝቅ፣ መልሶ ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። «30» ተብሎ የተጻፈው በተግባር 29 ነጥብ ምናምን ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ የቤት ሶፍትዌር ደግሞ ፍሬሞቹን እኩል እየቆጠረ ስለሚደረድራቸው ልዩነቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። መፍትሔው ክሊፑን ወደ ሶፍትዌሩ ከማስገባትዎ በፊት ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ቋሚ የፍሬም ብዛት መለወጥ ነው። በቪዲዮ ገጹ ላይ 30 መርጠው «ኮንስታንት» የሚለውን ምልክት ያድርጉ እንጂ «ፒክ» የሚለውን እንዳለ አይተዉት። ዋናውን ፋይል አያጥፉት።

ታይምላይንዎን (ክሊፖቹ የሚደረደሩበትን መስመር) በሰከንድ 25 ፍሬም ያድርጉት፤ ካምኮርደርዎ ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የሚሠራ ከሆነ የሚቀርጸው በዚያው ነው። ዲኤስኤልአሩንም ይመርምሩት። ብዙዎቹ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላ በራሳቸው ይቆማሉ፤ ካርዱ ፋት32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ የተዘጋጀ ከሆነም አንዱ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ስለማያልፍ ቀረጻው ይቆራረጣል። ካሜራው ቆሞ እንደገና የተነሣ ከሆነ በመካከሉ የጠፋ ጊዜ አለ ማለት ነውና ሁለቱን ፋይሎች ጫፍ ለጫፍ አያያይዟቸው፤ ሁለተኛውን ለብቻው ያገጣጥሙት። የካምኮርደሩን ካርድ ሲገለብጡ ደግሞ የቪዲዮ ፋይሎቹን ብቻ ሳይሆን ፎልደሩን በሙሉ ይውሰዱ፤ አለዚያ በየመጋጠሚያው ትንሽ ድምፅ ሊጎድል ይችላል።

ድምፅ ያዥ፦

ከላይ ስለ ስልኩ በተባለው እስማማለሁ። የካምኮርደሩ ጉዳይ ግን የፋይል ችግር አይደለም፣ የርቀት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ25 ፍሬም ታይምላይን አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ በአንድ ፍሬም ጊዜ ድምፅ የሚሸፍነው 13 ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። (ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ይህ ይለወጣል የሚል ሰው ገጥሞኛል፤ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ግን የአየሩ ሙቀት እንጂ ከፍታው ራሱ አይደለም።) ካምኮርደሩ ከከበሮውና ከድምፅ ማጉያው 40 ሜትር ርቆ ቆሞ ከነበረ፣ ብርሃኑ ወዲያው ሲደርሰው ድምፁ የደረሰው ሦስት ፍሬም ያህል ዘግይቶ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን የዘገየ ድምፅ ከዲኤስኤልአሩ ድምፅ ጋር ለማነባበር ክሊፑን በሙሉ ሦስት ፍሬም ወደ ግራ፣ ማለትም ቀደም ወዳለ ጊዜ፣ ሳበው፤ ምስሉም አብሮ ተሳበ። መሪጌታው ያዩት እሱን ነው።

ስለዚህ ሞገዱን ማመን ይተዉና የካምኮርደሩን ክሊፕ በታይምላይኑ ላይ ሦስት ፍሬም ወደ ቀኝ ይግፉት፤ ከዚያ ድምፁን ዝጉት። ለመላው ቪዲዮ የሚያገለግለው ድምፅ የዲኤስኤልአሩ ብቻ መሆን አለበት። ሁለት ድምፅ ቢቀላቀል ከበሮው ድርብ ይሆናል፤ በዚያ ላይ የማዶው ካሜራ የድንጋዩን አጥር ገደል ማሚቶ ጭምር ነው የያዘው።

የቀሃ ዳር፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ስልኩን ቀየርኩት፣ ልዩነቱ ጠፋ። ካምኮርደሩን ሦስት ፍሬም ስገፋው እጅና ድምፅ ተገናኙ። ዲኤስኤልአሩም እንደተባለው በመካከል ቆሞ እንደገና የተነሣ ሆኖ አገኘሁት፤ ሁለተኛውን ፋይል ለብቻው ሳገጣጥመው ግን ሶፍትዌሩ ልክ አንድ ምት አሳስቶ አስቀመጠው። ከበሮው ይገጥማል፣ ዜማው አይገጥምም። ሌላም አለ፦ በ40 ደቂቃ መጨረሻ ላይ ካምኮርደሩ አሁንም አራት ፍሬም ያህል ይንሸራተታል።

ድምፅ ያዥ፦

የመጀመሪያው ችግር ወረብ ከመሆኑ የመጣ ነው። ሶፍትዌሩ ሁለቱን ሞገዶች እያንሸራተተ በጣም የሚመሳሰሉበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ከበሮው እኩል እየተመታ ሲደጋገም ደግሞ እያንዳንዱ ምት ቀጣዩን ይመስላል። በሁለቱም ፋይል ውስጥ የማይደገም ነገር ይፈልጉለት፤ ከበሮው ከዝግታው ወደ ፈጣኑ ጽፋት የሚሻገርበት ቅጽበት፣ ድንገት የተነሣ ዕልልታ ወይም የአስተባባሪው ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ በእጅዎ ምልክት አድርገው በምልክቱ ያገጣጥሙ። የቤት ሶፍትዌርዎ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ እትም በድምፅም፣ በታይምኮድም (ካሜራው ከምስሉ ጋር በሚመዘግበው ሰዓት)፣ በምልክትም ማገጣጠም ይችላል፤ ብቻ ጠንከር ያለ ላፕቶፕ ይፈልጋል።

አራት ፍሬሙ የካሜራዎቹ የውስጥ ሰዓቶች ልዩነት ነው፤ ሁለት ካሜራ በአንድ ፍጥነት አይቆጥርም። ክሊፑን ለመለጠጥ አይሞክሩ። በ40 ደቂቃ ውስጥ 60,000 ፍሬም ስላለ የሚያስፈልገው ማስተካከያ 0.007 በመቶ ያህል ነው፤ የፍጥነትን መቶኛ ከነጥብ በኋላ በሁለት አሃዝ ብቻ የሚቀበል ሶፍትዌር ይህን ሊጽፍልዎት አይችልም። ይልቁንም ሌላ ካሜራ በሚታይበት ቦታ ላይ ካምኮርደሩን ይቁረጡትና የቀረውን ክፍል አንድ ፍሬም ይግፉት፤ በየአሥር ደቂቃው አንድ ጊዜ ይበቃል። ድምፁ ከዲኤስኤልአሩ ስለሆነ ማንም አያየውም።

የሠርግ ቀራጭ፦

አንድ ነገር ልጨምር። ከካሜራ ወደ ካሜራ ሲቀይሩ መቋሚያው እየወረደ ሳለ አይቁረጡ፤ ወርዶ ካረፈ በኋላ ይሁን። አንድ ፍሬም የተሳሳተ ቢሆን እንኳ ዓይን እምብዛም አይይዘውም። ጽናጽሉን በቅርብ የሚያሳየውን የስልክ ምስል ግን ከጥቂት ሰከንድ በላይ አያቆዩት፤ ወንድምዎን አላማሁም፣ በእጅ የተያዘ ነገር ይንቀጠቀጣል።

የቀሃ ዳር፦

ዕልልታው ሠርቶልኛል፤ የሁለተኛው ፋይል ዜማም አሁን ገጥሟል። ካምኮርደሩን በሦስት ቦታ ቆርጬ ገፋሁት። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለመሪጌታው አሳያቸዋለሁ።